ዩ ስትሪትን በእግር

ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ዩ ስትሪትን ያውቃል። የምናውቀው ግን በክትፎውና በሽሮው ነው። ዘጠነኛው ጎዳና ላይ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ የፓርኪንግ ሰዓታችን ሳያልቅ ሮጠን እንወጣለን።

እኔ ሰፈሩን ያወቅሁት እዚያው ፓርኪንግ ስሠራ ነው። አጠገቤ አንድ ረጅም ቦርድ ቆሟል፤ የድሮ ፎቶዎች፣ ጽሑፍና ካርታ አለበት። መኪና በማይገባበት ሰዓት ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ሌሎቹን ፍለጋ ወጣሁ። አሁን ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣብኝ ከዋይት ሀውስ በፊት የምወስደው ወደዚህ ነው።

ቦርዶቹ 14 ናቸው፤ አንድ ላይ የሰፈሩን የታሪክ ጉዞ መስመር ይሠራሉ። አስጎብኚ የለም፣ ትኬት የለም። ከዩ ስትሪት የሜትሮ ባቡር ጣቢያ በ13ኛው ጎዳና በኩል ስትወጡ የመጀመሪያውን ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ እንደ እግራችሁ ነው።

ሰፈሩ የጥቁር አሜሪካውያን የጃዝ ሰፈር የሆነው በግፍ ምክንያት ነው። ጥቁሮች መሀል ከተማ ገብተው እንደ ሰው ሆቴል ማደር፣ ቲያትር ማየት አይፈቀድላቸውም ነበር። ስለዚህ የራሳቸውን ሠሩ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የትሩ ሪፎርመር ሕንፃ በ1903 ተሠራ፤ የነደፈው ጥቁር አርክቴክት ነው። ሀዋርድ ቲያትር በ1910፣ ዋይትሎ ሆቴል በ1919፣ ሊንከን ቲያትር በ1922 ተከፈቱ።

ታዋቂው የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ዱክ ኤሊንግተን የዚህ ሰፈር ልጅ ነው። ያደገባቸው ቤቶች 13ኛው ጎዳና ላይ፣ ቁጥር 1805 እና 1816፣ ዛሬም አሉ። ሰው ስለሚኖርባቸው ከውጭ አይታችሁ እለፉ። ሀዋርድ ቲያትር አጠገብ አንድ የፑል ቤት ነበር። ልጁ ዱክ እዚያ እየገባ ትልልቆቹን ፒያኖ ተጫዋቾች ያዳምጥ ነበር። አሁን ቲያትሩ ፊት ለፊት ሐውልቱ ቆሟል። ዱክ በሙዚቃ ምልክት ላይ ተቀምጧል፤ የፒያኖው ቁልፎች በዙሪያው ተጠምዝዘዋል። ዘመዶቼን እዚህ ጋ አቆምና፣ ይህ ሰው በ1973 አዲስ አበባ እንደመጣ፣ ጃንሆይ ሜዳልያ እንደሸለሙት፣ ከሙላቱ አስታጥቄም ጋር እንደተገናኘ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሐውልቱን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው።

ከዚያ የሚያሳዝነው ይመጣል። በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ቁጣው የፈነዳው 14ኛውና ዩ ስትሪት የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው። ብዙ ሱቅ ተቃጠለ። ቆይቶ ደግሞ ለሜትሮው መንገዱ ተቆፈረ፤ ጣቢያው እስኪከፈት፣ እስከ 1991 ድረስ፣ ነጋዴው አሳሩን በላ። ቤንስ ቺሊ ቦውል የሚባለው ምግብ ቤት ያን ሁሉ አልፎ ከ1958 ጀምሮ እዚያው አለ።

አካባቢው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በታሪካዊነት ተመዝግቧል። ጥሩ ነው፤ ያለዚያ ብዙው ሕንፃ ዛሬ ባልኖረ ነበር። ግን ምዝገባው የሚጠብቀው ግድግዳውን ነው። የክለቡን ኪራይ አይከፍልም። 11ኛው ጎዳና ጥግ ላይ የነበረውን ቦሂሚያን ካቨርንስ የሚባለውን የጃዝ ክለብ ውሰዱ። በ1926 ሙዚቃ የተጀመረበት ምድር ቤት ነበር፤ ውስጡ እንደ ዋሻ የተሠራ። የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ራምሲ ሉዊስ በ1964 በቀጥታ ሲጫወት የተቀዳ አልበም እዚያ ሠርቷል። በ2016 ተዘጋ። ሕንፃው ግን አለ።

ለዚህ ነው የእግር ጉዞውን አጥብቄ የምወደው። ሙዚቃው የለቀቀበትን በር የሚያሳውቅህ እሱ ነው። የሚያውቀው ሰው የሌለው ቤት ደግሞ ሲፈርስ ‘ኧረ!’ የሚልለት አይኖርም።

የእኛም ድርሻ አለበት። ትዊንስ ጃዝ የሚባለውን ክለብ ያቋቋሙት ሁለት መንትያ ኢትዮጵያውያን እህትማማቾች ናቸው። ዩ ስትሪት ላይ ደረጃ ወጥተህ ትገባ ነበር፤ እንጀራህን እየበላህ ሳክስፎን ታዳምጥ ነበር። በ2020፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ተዘጋ። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ቤት ባጣበት ዘመን ቤት የሰጡት የእኛ ሴቶች ናቸው፤ ይህን ስንቱ ልጃችን ያውቃል?

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምሳ ከመብላታችሁ በፊት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከ13ኛው ጎዳና ጀምሩ። ጫማችሁ ምቹ ይሁን። ትዊንስ ጃዝ የተነሳችሁት ፎቶ በድሮ ስልካችሁም ይሁን በአልበም ውስጥ ካለ አውጡት። መቼ እንደሆነና መድረኩ ላይ ማን እንደነበረ ጻፉበት፤ ለልጆቻችሁም አሳዩአቸው።