ከፋሲካ በኋላ የሚሆነው ወገብ

የቬሎ ደንበኛ ያላትን ልክ አትነግራችሁም። ሊኖራት የምታስበውን ነው የምትነግራችሁ። «ወገቡን አራት ሴንቲ አጥብቢልኝ፣ እስከዚያ እቀንሳለሁ» ትላለች። ሙሽራውም የራሱ ምስጢር አለው። እሷ ስልክ ልታነሳ ወጣ እስክትል ይጠብቅና «እህቴ፣ ደረቱ ሰፋ ይበል፣ ጂም ጀምሬያለሁ» ይለኛል። ለሁለቱም እሺ እላለሁ። ደሞዝ የሚከፈለኝ ለመስፋት ብቻ አይደለም፣ እሺ ለማለትም ጭምር ነው።

ሱቃችን ፒያሳ ነበር። ፒያሳ ሲፈርስ አራት ኪሎ አንድ ፎቅ ላይ ገባን። እዚህ ደግሞ ከስድስት ኪሎ የሚወርዱ ተማሪዎች ሱሪ ሊያሳጥሩ ይመጣሉ። አንዷ የሳይኮሎጂ ተማሪ ኮቷን ሰጥታኝ ስትሄድ አንድ ወረቀት ረሳች። ዘጠኝ ሴቶችና ዘጠኝ ወንዶች በመስመር ተስለውበታል፤ አንደኛው አጥንቱ የሚቆጠር፣ ዘጠነኛው በር የማያሳልፈው።

ኮቷን ልትወስድ ስትመጣ ጠየቅኳት። በ1985 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል ፋሎንና ፖል ሮዚን የሚባሉ ተመራማሪዎች፣ ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 475 ተማሪዎችን እንዲህ ያሉ ሥዕሎች እያሳዩ ጠይቀዋል አለችኝ። የትኛውን ትመስላለህ? የትኛውን መምሰል ትፈልጋለህ? ሴቶች የትኛውን የሚወዱ ይመስልሃል? ሴቶቹንም እንደዚሁ። ከዚያ ደግሞ ከተቃራኒው ጾታ የሚወዱትን አስመረጧቸው። ሴቶቹ «ወንዶች ይሄን ይወዳሉ» ብለው የገመቱት ሥዕል፣ ወንዶቹ ራሳቸው ከመረጡት የቀጠነ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ሥራዬ ስለሆነ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አድርጌ መስታወቱ ጎን ለጠፍኩት።

ሁዳዴ እንደገባ ጥንዶች መጡ። ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። የሙሽሪት አክስትም አብረው አሉ። ሙሽሪት እንደተለመደው «አራት ሴንቲ» አለች። «ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ ካልቀነስኩማ!»

ወረቀቱን ያየችው እሷ ናት። ለሁለቱም እስክሪብቶ ሰጠኋቸው፣ እንዳይተያዩም አዘዝኳቸው። ሙሽሪት «እሱ የሚወደው» በሚለው ላይ 3ን አከበበች። ለራሷ የምትመኘውን ደግሞ 2 ላይ አደረገች። ሙሽራው የሚወዳትን ሴት ሳያስብ 5 አለ። አክስትየው ማንም ሳይጠይቃቸው 7 ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ሙሽራ ማለት ይቺ ናት። እነዚያ አልጋ የያዙ ናቸው።»

የወንዶቹ ረድፍ ላይ ሙሽራው ተናደደ።

«እህቴ፣ እኔ እዚህ ውስጥ የለሁም።»

«እንዴት?»

«ሁሉም ወይ ከሲታ ነው ወይ ቦርጫም። ጂም የሚሠራ አንድ እንኳ የለም።»

እሷ 4ን አክብባለታለች። ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ አየው።

«ይሄ'ኮ አካውንታንት ነው የሚመስለው!»

«አካውንታንት አይደለህ እንዴ?» አለችው።

እኔ እዚህ ላይ ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። «ይኸው፣ እሱ አምስት ነው ያለው። ወገቡን እንዳለ ልተወው?» አልኳት። ሙሽሪት ወደ እኔ አልዞረችም። ወደ እሱ ነው።

«አምስት?»

«እና?»

«አምስት ነሽ ማለትህ ነው?»

«ኧረ እወዳታለሁ ነው ያልኩት!»

«እኔ ላንተ ብዬ የምቀጥን መሰለህ? አንተማ እያገባኸኝ ነው።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለፎቶው! የቢሮ ልጆች በሙሉ የሚያዩት ፎቶ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አምስት ሴንቲ አድርጊው።»

አለቃችን ከካሸሩ ጋ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ደንበኞቹ ፊት «አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ ወይስ የጋብቻ አማካሪ?» አሉኝ። ይቺ ቃል እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለች። ቀብዱን ሳይከፍሉ ቢወጡ ኖሮ እንኳ አንድ ነገር ነው። ሙሉውን ከፍለው ነው የሄዱት።

ተማሪዋ ሱሪ ይዛ ስትመጣ ታሪኩን ነገርኳት። ሳቀች። ሙሽሪት ያንኑ ጥናት ነው የደገመችው አለች። የዚያን ጊዜም ሴቶቹ ለራሳቸው የተመኙት፣ ወንዶች ይወዱታል ብለው ከገመቱትም የቀጠነውን ነበር። የሙሽራው ቅሬታም እውነት አለው። ሥዕሎቹ ስብ እንጂ ጡንቻ አያሳዩም። በ2000 እ.ኤ.አ. ሃሪሰን ፖፕና ባልደረቦቹ ጡንቻ የሚጨምርና የሚቀንስ የኮምፒውተር ምስል ይዘው የኦስትሪያ፣ የፈረንሳይና የአሜሪካ ወንዶችን ጠየቁ። ወንዶቹ ካላቸው ላይ 13 ኪሎ ያህል ጡንቻ ተመኙ። ሴቶች ሲጠየቁ ግን ተራውን ሰውነት መረጡ። አካውንታንቱን ማለት ነው።

ቬሎውን በአምስት ሴንቲው ቆረጥኩት። ግን በጎንና በጎን፣ ስፌቱ ውስጥ፣ ጠቀም ያለ ትርፍ ጨርቅ አጥፌ ተውኩ። የሰፋ ያውቀዋል። የሙሽራውም ደረት ላይ ስፖንጅ ገባ። በሰሙነ ሕማማት ሊለኩ መጡ። የሙሽሪት ዚፕ ያለ ትግል ተዘጋ። የምሬን ነው፣ ቀንሳለች። አክስትየው ብቻ «ሰው ምን ይላል? አላበሏትም ነው የሚባለው» እያሉ ዞር ዞር አሉ። እኔ በመሐል ፋሲካ እንዳለ አላነሳሁም።

የሰርጉ ዋዜማ ላይ አክስትየው ብቻቸውን መጡ። ቬሎው በፌስታል ነው። «ልጄ» አሉኝ ዝቅ ብለው፣ «ያንን ትርፍ ጨርቅ አልቆረጥሽውም አይደል?»

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ለጥንዶች አብሬ አልሰጥም። ለየብቻ ነው የምሰጣቸው።

አለቃችን አንሺው አላሉኝም። እንዲያውም አንድ ማታ ሱቅ ስዘጋ የወንዶቹ ረድፍ ላይ አዲስ ክብ አየሁ። እሳቸው ሒሳብ በሚሠሩበት አረንጓዴ እስክሪብቶ ነው። የምመስለው 4፣ መምሰል የምፈልገው 4፣ ሴቶች የሚወዱት 4። ተማሪዋ እንዳለችው የ1985ቱ ወንዶችም ሦስቱን መልስ አንድ ቦታ አካባቢ ነው ያደረጉት፤ በራሳቸው ደስተኞች ነበሩ። የእሳቸውን ሱሪ በየዓመቱ የማሰፋው እኔ ነኝ። ሁሌም ላውንደሪ ገብቶ ጨርቁ ተሰበሰበ ነው የሚሉኝ።