ግሪዱ ለማሲንቆው ይታዘዝ፦ ችክችካን በኮምፒውተር ሳቀናብር የተማርኩት

ከመንዝ በኩል ተቀርጾ የመጣ፣ ማሲንቆና ከበሮ ያለበት የሠርግ ዘፈን ላይ ቤዝና ኪቦርድ ልጨምር ብሎ ኮምፒውተር የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚፋጠጠው ከድምፅ ጥራት ጋር አይደለም። ከምቱ ጋር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ሥራ ስጀምር አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ የሚከተለውን ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ሌሊት በእንቅልፍ ባደርኩ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያለው ማስተማሪያ ሁሉ 4/4 ብቻ ያለ ይመስል፣ ስለ 6/8 አንድ መስመር ጣል አድርጎ ያልፋል።

እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል መጀመሪያ ምት፣ ቀጥሎ ፍጥነት፣ መጨረሻ ቃና ነው። ማስተማሪያዎቹ ፍጥነትን ያስቀድማሉ፤ ለእኛ ዘፈን ግን አይሆንም። በደቂቃ 90 ጊዜ የሚመታው ምኑ እንደሆነ ሳይታወቅ 90 ብሎ መጻፍ ባዶ ቁጥር ነው።

ችክችካ በ6/8 ይጻፋል። አንድ ባር ውስጥ ስድስት አጫጭር ምቶች አሉ፤ ሦስት ሦስት ሆነው ለሁለት ይከፈላሉ፣ እግር የሚረግጠውም በ1ኛውና በ4ኛው ላይ ነው። ኤብልተን ላይቭና ኪውቤዝን የመሳሰሉት ፕሮግራሞች ግን ፍጥነትን የሚቆጥሩት በሩብ ኖታ ነው። ሩብ ኖታ ሁለት አጫጭር ምት ነው፤ አንድ የእግር ምት ደግሞ ሦስት ስለሆነ አንድ ሩብ ተኩል ይሆናል። ስለዚህ በእግራችሁ የቆጠራችሁትን በ1.5 አባዙት። በ20 ሰከንድ 30 ጊዜ ከረገጣችሁ በደቂቃ 90 ነው፤ ፕሮግራሙ ላይ የሚገባው 135 ነው። ፕሮግራማችሁ በምን እንደሚቆጥር ካላወቃችሁ 6/8 ምረጡ፣ ፍጥነቱን 60 አድርጉና አንድ ባር ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ተመልከቱ። 3 ሰከንድ ከፈጀ በሩብ ኖታ፣ 6 ከፈጀ በስምንተኛ፣ 2 ከፈጀ ደግሞ በእግር ምት ነው የሚቆጥረው።

ፍጥነትን በራሱ የሚያገኘውን አውቶማቲክ መሣሪያ ለችክችካ አልመክርም። በሁለት መንገድ ያሳስታል። አንደኛው ዘፈኑን 4/4 በ90 ነው ማለቱ ነው። የእግሩን ምት በትክክል አግኝቷል፤ ግን በመሐል ያሉትን ሁለት አጫጭር ምቶች የሚያሳርፍበት መስመር የለውም። ያን ጊዜ በ1/16 ኳንታይዝ ካደረጋችሁ፣ ማለትም ምቱን ለአራት ከፍላችሁ ድምፁን ቅርብ ወዳለው መስመር ከጎተታችሁ፣ የምቱ ሲሶ ላይ የነበረው ድምፅ ወደ ሩቡ፣ ሁለት ሦስተኛው ላይ የነበረው ደግሞ ወደ ሦስት አራተኛው ይሸሻል። በ90 ፍጥነት ይህ 55 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ችክችካው ሄዶ የሰልፍ ማርሽ ይመጣል።

ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ትክክል ይመስላል። ዘፈኑን 3/4 በ135 ነው ይላችኋል። ሦስት ሩብ ኖታና ስድስት ስምንተኛ እኩል ርዝመት ስላላቸው የባሮቹ መስመር ሁሉ ከበሮው ላይ ልክ ይገጥማል። ዓይን ምንም ስህተት አያይም። ክሊኩ (ፕሮግራሙ ምት ለመቁጠር የሚያሰማው ቲክ ቲክ) ግን በባር ሦስት ጊዜ እየመታ ከበሮው ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ቤዝ የሚጫወተው ልጅም ክሊኩን ተከትሎ ቫልስ ይጫወትላችኋል። እዚህ ላይ ዓይንን ትቶ እግርን ማመን ነው፦ አንድ ባር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከረገጣችሁ 6/8 ነው፣ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው በክሊክ አይጫወትም። መመሪያው ሁሉ «መጀመሪያ ክሊክ ክፈት፣ ከዚያ ቅረጽ» ይላል፤ እኔ በተቃራኒው ነኝ። ጆሮው ላይ ቲክ ቲክ የሚል ነገር ስታስቀምጡ ጋሼ «ይሄን ነገር አጥፋልኝና ልጫወት» ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ቀረርቶው የሚገባበት ቦታ ጭራሽ ምት የለውም፤ ጭፈራው ሲጀመር ደግሞ ፍጥነቱ እያደገ ይሄዳል፣ በ132 የተጀመረ ዘፈን በ144 ቢያልቅ የሚያስገርም አይደለም። ይህ ጉድለት አይደለም፣ ጨዋታው ነው። የግድ መመሪያ ምት ካስፈለገ የተቀረጸ ከበሮ ደጋግማችሁ አሰሟቸው እንጂ ቲክ ቲኩን ተዉት።

ስለዚህ የተቀረጸውን ድምፅ እየጎተቱ ግሪዱ (የባሮቹና የምቶቹ መስመር) ላይ ከመለጠፍ፣ ግሪዱን እያጎበጡ ድምፁ ላይ ማስተኛት ይሻላል። እኔ ይህን የምሠራው ሪፐር በሚባል የቀረጻ ፕሮግራም ነው፤ በደካማ ላፕቶፕም ይሄዳል፣ የ60 ቀን ሙከራውም ምንም የተቆረጠበት የለም።

እዚህ ላይ ሰው የሚያብደው በአንድ ሴቲንግ ምክንያት ነው። ሪፐር ከነፋብሪካው ሲመጣ የተቀረጸ ድምፅ ከባሮች ጋር ታስሮ ነው የሚመጣው። በዚህ ሁኔታ ባር 5 ላይ የፍጥነት ምልክት ስታስቀምጡ ከዚያ በኋላ ያለው ማሲንቆ ሁሉ አብሮ ይሳባል። ባር 5ን ስታስተካክሉ ባር 9 ይሸሻል፤ ባር 9ን ስትይዙ ባር 13 ይሄዳል፤ ጭራውን ለመያዝ እንደሚዞር ውሻ ስትዞሩ ታድራላችሁ። መጨረሻ ላይ ግሪዱና ድምፁ አንድ ጊዜም ሳይገናኙ፣ ማሲንቆው ደግሞ ሳታውቁት ተለጥጦ ይገኛል። የሚያናድደው መፍትሔው አንድ ምርጫ መለወጥ ብቻ መሆኑ ነው፤ የትኛውም ማስተማሪያ ግን ከመጀመሪያው አይናገረውም፦ አልትና ኢንተር ተጭናችሁ ፕሮጀክት ሴቲንግስ ክፈቱ፣ ታይምቤዝ የሚለውን ከቢትስ ወደ ታይም ለውጡ። ከዚያ በኋላ ምልክቱን የትም ብታስቀምጡ ድምፁ ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ የሚንቀሳቀሰው መስመሩ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቀረርቶውን ዝለሉት። ምት የሌለውን ነገር ባር ውስጥ አትክተቱት፤ ከበሮው የሚገባበትን የመጀመሪያውን ምት ድምፁን አጉልታችሁ ፈልጉና እዚያ ላይ ሺፍትና ሲ ተጭናችሁ 6/8 የሚል ምልክት ትከሉ። ከበሮ ሲመታ ስክሪኑ ላይ የድምፁ ሞገድ ከመፈንዳቱ በፊት ትንሽ እብጠት ይታያል፤ ምልክቱ ከእብጠቱ ሳይሆን ከፍንዳታው ላይ ይሁን።

ከዚያ በየአራት ባሩ አንድ ምልክት። ፍጥነቱን በእጅ ማስላት ይቻላል፦ አራት ባር የፈጀውን ሰከንድ ያዙና 720ን ለእሱ አካፍሉት። አራት ባር 5.28 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ 136.4 ነው። 720 የመጣው አራት ባር 12 ሩብ ኖታ ስለሆነና 12 በ60 ሲባዛ ያን ስለሚሰጥ ነው። ጭፈራው ፈጠን የሚልበት ቦታ ላይ በየሁለት ባሩ አድርጉት፤ ያኔ የሚካፈለው 360 ነው። በየባሩ መትከል ግን ይቅርባችሁ። የፍጥነቱ መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆንና ከቴምፖው (ከፍጥነቱ) ጋር የተሳሰረ ዲሌይ፣ ማለትም ማሚቶ፣ ሁሉ የሰከረ ይመስላል።

ሲያልቅ ክሊኩን ወደ ግራ ጆሮ፣ ከበሮውን ወደ ቀኝ አድርጋችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አድምጡ። የማይገጥም ቦታ ካለ ምልክቱን አንቀሳቅሱ እንጂ ከበሮውን አትቁረጡ። ቤዙንና ኪቦርዱን በዚህ በታጠፈው ግሪድ ላይ ከሠራችሁ ዘፋኙ ሲፈጥን አብረው ይፈጥናሉ።

ቃና ቀላል ነው፣ ግን ሁለት ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው ማሲንቆ ለዘፋኙ ድምፅ እንጂ ለፒያኖ አለመቃኘቱ ነው። በቱነር ስታዩት ለምሳሌ ከዲ 30 ሴንት (ሴንት የሴሚቶን አንድ መቶኛ ነው) ከፍ ብሎ ይገኛል። ማሲንቆውን ወደ ዲ አታውርዱት፤ ኪቦርዱንና ቤዙን በፋይን ቲዩን 30 ሴንት ከፍ አድርጓቸው። ጠዋት በብርድ የተቃኘ ማሲንቆ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚንሸራተት ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት መነሻውን ድምፅ ለብቻው አስነኩና ቅረጹ።

ሁለተኛው የዘፋኙን ድምፅ ወደ ቃና የሚያርመው አውቶ ቲዩን ነው። ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። «ሲ ሜጀር» ብላችሁ ከመረጣችሁ ኤፍና ቢ ይጨመሩበታል፤ ዘፋኙ ድምፁን ሲያንሸራትት መሣሪያው ትዝታ ውስጥ የሌለ ድምፅ ላይ ጎትቶ ይጥለዋል። አንቺሆዬ (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ) ጭራሽ ከሜጀሩም ከማይነሩም አይገባም፣ ስለዚህ ቃና ፈልጎ የሚያገኘው መሣሪያ የሚነግራችሁ ሁሉ ግምት ነው። አምስቱን ድምፅ በእጃችሁ አብርታችሁ የቀሩትን ሰባቱን አጥፉ።

ዘፋኙ «ሁለት ሴሚቶን ዝቅ ይበልልኝ» ካለ ሚዲውን (በኪቦርድ የገባውን የኖታ መረጃ) ዝቅ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የድራም ትራክ ግን በመሐል እንዳይመረጥ። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ የተለየ መሣሪያ ነው፦ 36 ኪክ፣ 38 ስኔር። ሁለት ዝቅ ቢል ስኔሩ ሁሉ ኪክ ይሆናል። የተቀረጸ ማሲንቆ ከሆነ ከአንድ ሴሚቶን በላይ አላንቀሳቅስም፤ የደጋኑ ፍትጊያ ወደ ውኃ ድምፅ ይለወጣል። እንደገና ማስቀረጽ ይረክሳል። ቃናው ሳይነካ ፍጥነቱን ብቻ መለወጥ ሲፈለግም በእኔ ጆሮ 5 በመቶ ድንበሩ ነው፤ በአንድ ክፍል አብረው የተቀረጹ ትራኮችም አንድ ላይ ተመርጠው በአንድ ዓይነት ስልት ይለጠጡ፣ አለበለዚያ አንዱ ማይክ ውስጥ የገባው የሌላው ድምፅ ይጋጫል።

ፋይል የምትልኩ ስቱዲዮዎችም እባካችሁ። አንድ ስቱዲዮ ማሲንቆውን ከ12ኛው ሰከንድ፣ የዘፋኙን ድምፅ ከ31ኛው ቆርጦ፣ ያውም በኤምፒ ስሪ፣ ፍጥነቱን ሳይጽፍ ልኮልኛል። ሁሉም ትራክ ከዜሮ ይነሳ፣ በዌቭ 24 ቢት ይሁን፣ ከሪፐር ሚዲ ስታወጡም የቴምፖ ካርታው አብሮ እንዲገባ የሚለውን ምርጫ አብሩት።