ሲሄዱ 10 ሰዓት፣ ሲመለሱ 20

ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ የትኬት ቢሮ። ወረፋው ረዝሟል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ልጃቸውን ሊጠይቁ ዋሽንግተን የሚሄዱ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ትናንት የታተመላቸውን ወረቀት ይዘው ተመለሱ።

«ልጄ፣ ይሄ አውሮፕላን ከድምፅ ይፈጥናል እንዴ?»

ወረቀቱ ከአዲስ አበባ 22:30 ተነሥቶ ዋሽንግተን በማግስቱ 08:30 ይገባል ይላል፤ 10 ሰዓት መሆኑ ነው። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሰዓት 1,150 ይመጣል። የመንገደኛ ጄት ደግሞ 900 አካባቢ ነው የሚበረው። መልሱ 11:15 ተነሥቶ በማግስቱ 07:30፤ 20 ሰዓት ከሩብ።

«ስሄድ በጄት፣ ስመለስ በፕሮፔለር ነው?»

«ጋሼ፣ እኛ ሲስተሙ ያወጣውን ነው የምናትመው» አለ ትኬት ቆራጩ ልጅ፣ ቀና ብሎም ሳያያቸው። ሒሳብ ላስተማረ ሰው ከዚህ የባሰ መልስ የለም።

ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ሲሄዱ 7 ይደመራል፣ ሲመለሱ 7 ይቀነሳል። መሄጃው 17፣ መመለሻው 13 ሰዓት ከሩብ። ይህን ሌላዋ ሠራተኛ ከጎን ስትነግራቸው ጸጥ አሉ። ግን ለአፍታ ነው።

«የቀረው ልዩነት፣ አራት ሰዓት ሊሞላ ሩብስ?»

ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩም ክንፉም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሣት ይከብዳል። ስለዚህ የእሳቸው በረራ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ዋሽንግተን ግን ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነች ጭኖ በቀጥታ ይነሣል፣ ከምዕራብ የሚነፍሰው የላይ ንፋስም ከኋላ ይገፋዋል።

መምህሩ ይህን ተቀበሉና ከኪሳቸው ሌላ ወረቀት አወጡ። በቀጥታ መስመር ሲለካ ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ይልቅ ለዋሽንግተን በ300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትቀርባለች። ልክ ናቸው፣ መስመሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው።

«ታዲያ መጀመሪያ ወደ ደቡብ የምትወስዱኝ ለምንድን ነው?»

ልጁ አሁን ቀና አለ። «ጋሼ፣ ጣናን ሲያልፉ እጅዎን ያውለብልቡልን።»

«በሌሊት ማን ያየኛል?»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። በዚህ ሁሉ ክርክር መሃል ግን የሚጠቅማቸውን የነገራቸው የለም፦ 22:30 በእኛ ከምሽቱ 4:30 መሆኑን፤ የባሕር ዳሩ በረራ ከዋሽንግተኑ ጋር በአንድ ትኬት ካልተያዘ፣ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው እንደማይጠብቃቸው፤ ሻንጣቸው ላይ የሚታሰረው ወረቀት አዲስ አበባ ሳይሆን ዋሽንግተን ማለቱን ማየት እንዳለባቸው።

አለቃው በማግስቱ «ዋሽንግተን፦ ሲሄዱ 7 ደምሩ፣ ሲመለሱ 7 ቀንሱ» የሚል ወረቀት መስኮቱ ላይ አስለጠፈ። አሜሪካኖች በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ልዩነቱ 8 ይሆናል፣ እስከ መጋቢት መጀመሪያ። ወረቀቱ አሁንም 7 ነው የሚለው፤ ልጁም «አለቃ የለጠፈውን እኔ አልነካም» ይላል።