አደይ አበባ ዛፍ ላይ

ዛሬ ከኤስካላንቴ እስከ ቶሪ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ብስክሌት ነዳን። አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት፣ ሀይዌይ 12። የጉዟችን 4ኛ ቀን ነው፤ እግሬ ግን 40ኛው ነው ይላል።

ጠዋት «ሆግባክ» የሚሉት ቦታ ላይ ሐሞቴ ፍስስ አለ። መንገዱ ጠባብ ሸንተረር ጀርባ ላይ ነው የሚሄደው። ግራም ቀኝም ገደል። የብረት አጥር ብሎ ነገር የለም። ንፋሱ ገፋ ሲያደርገኝ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጬ፣ ነጩን መስመር ብቻ እያየሁ አለፍኩ። እይታው ግሩም ነበር አሉ። እኔ በኋላ በፎቶ ነው ያየሁት።

ቦልደር ከምትባለው ትንሽ ከተማ በኋላ ዳገት ነው። አናቱ 2,900 ሜትር ያልፋል። «እኔ የእንጦጦ ልጅ ነኝ» እያልኩ ስፎክር ከርሜ ጭራ ሆኜ ቀረሁ። ሌሎቹ ጉልበት የሚሰጥ ጣፋጭ ጄል ይመጥጣሉ፤ እኔ በሶ በጥብጬ ይዣለሁ። ጓጉሎ የኮዳውን አፍ ደፈነው። አንዷ አይታ «ሲሚንቶ ነው?» አለችኝ። ቀመሰችና ግማሹን ጨረሰችልኝ!

አናቱ ላይ የአስፐን ዛፎች ቢጫ ለብሰዋል። ወሩም መስከረም ነው፤ አደይ አበባ ዛፍ ላይ የወጣች መሰለኝ። ብስክሌቴን አጋድሜ ቁጭ አልኩ። ማንም አልጠራኝም።

ነገ ካፒቶል ሪፍ ብሔራዊ ፓርክ። መቀመጥ ከቻልኩ።