የምኒልክ ብርን ውጭ ልኮ ደረጃ ማሰጠት መቼ ያዋጣል?

ደሴ ወርቅ ቤቶች ውስጥም ሆነ ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ፣ ከአያት የተረፈ ጠገራ ይዞ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ድሮ ጥያቄው «በግራም ስንት ይሄዳል?» ነበር። አሁን በፕላስቲክ የታሸገና ቁጥር የተጻፈበት የምኒልክ ብር ኢንተርኔት ላይ በውድ ሲሸጥ ያየ ሁሉ «እኔስ አሜሪካ ልኬ ደረጃ ላሰጠው?» ይላል። ለአብዛኛው ሰው መልሴ አይሆንም ነው። ጥቂቶቹ የሚያዋጡትን ለመለየት ግን ሳንቲሙን እቤት መመርመር ይቻላል።

ሥራው እንዲህ ነው። ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲሙን ተቀብለው እውነተኛነቱን ያረጋግጣሉ፤ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ይሰጡታል፤ ከዚያ በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው ይመልሱታል። 60ና ከዚያ በላይ ያለው እጅ በእጅ ያልዞረ ሳንቲም ነው። ከ50 እስከ 58 ያለው ትንሽ ብቻ የተነካ ነው፤ 40ና 45 ቀለል ያለ መፋቅ ያለበት ነው። አገራችን ውስጥ በእጅ የሚገኘው አብዛኛው ከ40 በታች ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሕጉ ይቅደም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ይከለክላል። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሳንቲም ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ባለቤቱ አይደለም፣ ፖስታ ቤቱም አይደለም። ስለዚህ የፈቃድ መጠየቂያው ደብዳቤ መጀመሪያ የሚሄደው አዲስ አበባ ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። በመንገደኛ ሻንጣ ሸሽጎ መላክን ማንም አይምከራችሁ፤ ሳንቲሙም ይወረሳል፣ የያዘውም ሰው ይከሰሳል። ፈቃድ ካልተገኘ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ከዚህ በታች ያለው ምርመራ ግን እዚሁ ለመሸጥም ለማስቀመጥም ይጠቅማል።

የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ ያለበትን ማርያ ትሬዛ ብር በቶሎ ልለፈው። ሁሉም 1780 ይላል፤ ግን ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይና ሌሎችም ቦታዎች በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲመቱት ኖረዋል። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ከዚያ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ገደማ ነው። አብዛኛው ከብሩ ዋጋ ብዙም ፈቅ አይልም፤ የደረጃው ክፍያ ብቻውን ትርፉን ይበላዋል። የትኛው ከተማ እንደተመታ በጌጡና በንስሩ ላባ የሚለዩ አዋቂዎች አሉ፤ ያንን መለየት ለማይችል ሰው ማርያ ትሬዛ አይላክም።

የምኒልክ ብር ግን ሌላ ነው። ፓሪስ የተመታ፣ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 28.075 ግራም፣ 835 ከሺህ ብር ነው። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ተጽፏል፦ ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪ ወይም ፲፰፻፺፭። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ አንበሳው ያነሣው ግራ የፊት እግሩን ነው፤ በኋለኞቹ ሁለቱ ላይ ቀኙን። ዓመቱና እግሩ ካልተስማሙ ወዲያው ጠርጥሩ። ከአራቱ ብዙም የማይገኘው የ1887ቱ ነው። የ1895 ግርሽ የሚባለው ትንሹ ሳንቲም ደግሞ በአሥር ሚሊዮኖች ስለተመታ፣ እጅግ የጸዳ ካልሆነ በቀር ደረጃ ማሰጠቱ ወጪ ብቻ ነው።

አስመስሎ የተሠራው ብዙ ስለሆነ ምርመራው ላይ አትቸኩሉ። መቶኛ ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል። የሳንቲሙን ደረቅ ክብደት መዝግቡ። ብዙ የዞረ እውነተኛ ብር ወደ 27.5 ሊወርድ ይችላል፤ 24 ወይም 22 ከሆነ ግን መጥፎ ምልክት ነው። ማግኔት ከያዘውም አለቀ፤ አለመያዙ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ ናስና መዳብም ማግኔት አይስባቸውም።

ቀጥሎ ውሃ የሞላ ስኒ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ታችም ጎንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ የሚያሳየው ሳንቲሙ የገፋውን ውሃ ነው። ደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍሉ፤ ለምኒልክ ብር መልሱ ወደ 10.2 መምጣት አለበት። ማለትም 28.07 ግራም የሚመዝነው 2.75 አካባቢ ያሳያል። 3.1 ወይም 3.3 ካሳየ መዳብና ኒኬል ወይም ናስ ነው። የተፋቀ ሳንቲምም ቢሆን ውጤቱ አይለወጥም፣ ሁለቱም ቁጥር አብሮ ይቀንሳልና። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ሳንቲሙ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ነው፤ ውሃው ውስጥ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፣ ክሩንም ነቅነቅ አድርጉት። ይህ ምርመራ ብረቱን እንጂ አሠራሩን አይፈትንም፤ ከእውነተኛ ብር የተቀለጠ አስመሳይ ያልፋል። እሱን የሚያጋልጠው አጉሊ መነጽር ነው፦ ጠርዙ ላይ የዞረ የመገጣጠሚያ መስመር፣ ሜዳው (ሥዕልም ጽሑፍም የሌለበት ባዶው ገጽ) ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች፣ ጥግ ጥጋቸው የቀለጠ ፊደላት።

እውነተኛ ሆኖም ብዙውን ጊዜ የሚጥለው መወልወሉ ነው። እኛ ዘንድ ብር በሎሚና በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና ይታሻል። በዚህ የታሸ ሳንቲም ቁጥር አይሰጠውም፤ «ተወልውሏል» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት ይመለሳል፣ ክፍያውም አይመለስም። ለማየት ሌሎቹን መብራቶች አጥፉና አንድ አምፖል ሥር ሳንቲሙን በጠርዙ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ያልተነካ ገጽ ላይ ብርሃኑ እንደ ብስክሌት ሽቦ ከመሐል ወደ ዳር ተዘርግቶ አብሮ ይዞራል። የተወለወለው ግን የትም ቢያዘነብሉት አንድ ዓይነት ነጭ ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ የፀጉር ያህል ጭረቶች ይታዩበታል። አንበሳው ጋማ ውስጥና በፊደላቱ መካከል ጥቁር ቀርቶ ሜዳው ብቻ የሚያበራ ከሆነ፣ ጨርቅ የደረሰበትንና ያልደረሰበትን እያያችሁ ነው።

ጥቁሩን አትንኩት። ከከሰልና ከጭስ የሚወጣው ድኝ ከብሩ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ነው፤ ሲነሣ ላይኛው የብር ሽፋን አብሮ ይነሣል። አንገት ላይ የኖረ ሳንቲም የጠጣውን ቅቤ ለማስለቀቅ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ በተጣራ ውሃ ማለቅለቅና ሳያሹ ማድረቅ ይበቃል። አሴቶን እሳት ወዳድ ስለሆነ ከምድጃ ይራቅ፣ መስኮትም ይከፈት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽቶና ዘይት ስላለው አይሆንም።

የተበሳውም ሆነ ማንጠልጠያ ጆሮ የተበየደበትም ቁጥር አያገኝም። ጆሮው ተነሥቶ ቢሆን እንኳ ጠርዙ ላይ፣ አናቱ ጋ፣ የቀረው የብየዳ እብጠት ይታያል። ድሪ ላይ ያለን ጠገራ ግን ለዚህ ብላችሁ አታስነቅሉ። የወሎ እናቶች ድሪ ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ከተነጣጠሉት ብሮች ድምር ይበልጣል፤ አንዴ ከተፈታ ደግሞ አይመለስም።

ይህን ሁሉ ካለፈ ሒሳቡ ይሠራ። ተጠየቀ የተባለውን ዋጋ ሳይሆን፣ ዓመቱም ደረጃውም ተመሳሳይ የሆነው በቅርቡ በእርግጥ የተሸጠበትን ፈልጉ። ለምሳሌ ያህል ሳንቲሙ እንዲሁ 150 ዶላር፣ ታሽጎ 250 ዶላር ያወጣል እንበል። በርካሹ መደብ እንኳ ምዘናው ከ20 ዶላር በላይ ነው፤ የአያያዝ ክፍያ አለ፤ ደርሶ መልስ መድን ያለው መላኪያ አለ። ጠቅላላ 90 ቢሆንና ሻጩ ድርጅት 30 ቢቆርጥ፣ እጃችሁ የሚገባው 130 ነው። የእኔ መስፈርት ይህ ነው፦ በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ከጠቅላላ ወጪው እጥፍ ካልሆነ አይላክም። ደረጃውንም ስትገምቱ ወደ ታች ገምቱ። የምኒልክ ጉንጭ፣ የዘውዱ ጌጥና የአንበሳው ጎድን መጀመሪያ የሚፋቁት ናቸው፤ እነሱ ለጥ ካሉ 40ን አትጠብቁ።

ለማስቀመጥ 40 ሚሊ ሜትር የሚይዝ ጠንካራ ክብ መያዣ ይሻላል። ለስላሳውና የሚሸተው ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር እየለቀቀ ብሩን ይበላዋል።

የታሸገ ለመግዛት የሚያስብ ደግሞ፣ ማሸጊያው ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ፣ ፎቶ ካለ ከያዘው ሳንቲም ጋር ጭረት በጭረት ያመሳክር፤ ማሸጊያውም ይጭበረበራልና። ዘመድ ውጭ ኖሮ ሳንቲሙም በሕጋዊ መንገድ ከድሮ እዚያው ያለ ከሆነ ጉዳዩ በጣም ይቀላል፦ ወጪው አንድ አገር ውስጥ ይቀራል፣ ሦስት አራቱን በአንድ ጥቅል መላክም የመላኪያውን ያካፍላል። ቅጹ ላይ በሳንቲሙ ላይ ያለውን ዓመት ይጻፍ፣ አጠገቡም የፈረንጁ ይጨመር፤ 1889 ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ 1897 የተመታውን ሳንቲም በስምንት ዓመት ያስረጁታል።