መገነዣ የተባለው መጋረጃ

ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ልብስ ስፌት ቤት መሥራት ከጀመርኩ 6 ዓመት አልፎኛል። የማንሰፋው ነገር የለም። ዩኒፎርም፣ ቀሚስ፣ የሶፋ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅ። እኔ ግን ከሁሉም መጋረጃ እወዳለሁ። ትናንት ባዶ የነበረ ቤት መጋረጃ ሲሰቀልበት ወዲያው ሰው ሰው ይሸታል።

ያን ዕለት የመጣችው ልጅ ካገባች 3 ወሯ ነበር። ባለ አንድ መኝታ ተከራይተው ገብተዋል። ስልኳን ከፈተችና ከቲክቶክ ያስቀረችውን ፎቶ አሳየችኝ። ከኮርኒሱ ሥር ተነስቶ ወለል የሚነካ፣ ነጣ ያለ የሊነን መጋረጃ ነው። ሽንሽኑ ብዙ፣ ጨርቁ ቀለል ያለ። አበባ የለው፣ ጥልፍ የለው፣ ዘርፍ የለው። አሁን ወጣት ባልና ሚስት ሁሉ ይዞት የሚመጣው ፎቶ እንዲህ ያለ ነው። ያ የምናውቀው ከባድና የሚያብረቀርቅ መጋረጃ እየቀረ ነው። እኔ ደስ ብሎኛል። ለጠባብ ሳሎን ቀለል ያለ ነገር ነው የሚያምርበት።

«እህቴ፣ ይሄን በስንት ትሠሪልኛለሽ?» አለችኝ።

ቤቷ ሄጄ ለካሁ። የሳሎኑ መስኮት 2 ሜትር ስፋት አለው። ሽንሽኑ እንዲያምር ጨርቁ ቢያንስ የመስኮቱን እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ወርዱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ጨርቅ 3 ወርድ ያስፈልጋል። ቁመቱ ከዘንጉ እስከ ወለሉ 2 ሜትር ከ40 ነው። ለላይና ለታች እጥፋት 20 ሳንቲም ስንጨምርበት ለዚያ መስኮት ብቻ 8 ሜትር ገደማ ጨርቅ ይበላል። የሊነኑን ዋጋ ስነግራት ዝም አለች። ሊነን የሚመስለውን ፖሊስተር ስነግራትም ዝም አለች። ከቦርሳዋ አውጥታ የቆጠረችው ብር የሊነኑን ሩብ አይሞላም ነበር።

ባዶ እጇን ልሰዳት አልፈለግኩም። ያኔ አቡጀዴ ትዝ አለኝ።

አቡጀዴ ንጹሕ ጥጥ ነው። ያልነጣና ያልተነከረ በመሆኑ መልኩ ራሱ ወደ ክሬም ያደላል። ፊቱ ላይ የጥጡ ፍሬ ስብርባሪ ጥቁር ነጠብጣብ እየሠራ ይታያል። ሰው ሊነን ላይ ብዙ ብር የሚከፍለውም ለዚያ ላልተቀባባ መልክ ነው። መርካቶ በጣቃ ይገኛል፤ ዋጋው ከሊነን ጋር አይወዳደርም። የአገራችን ፋብሪካዎችም ጥጥ ሲሸምኑ ኖረዋል። የባሕር ዳሩ ጨርቃ ጨርቅ ብቻ እንኳ ከተቋቋመ ከ60 ዓመት በላይ ነው፤ ትልልቆቹ እናቶች የባሕር ዳር አንሶላ ሲባል ፊታቸው ይበራል። ከውጭ የመጣ ፎቶ ሁሉ የውጭ ጨርቅ ይፈልጋል ያለው ማን ነው? እንዲህ እያሰብኩ ነው ሐሳቡን የሰጠኋት። ልጅቷም በደስታ ተቀበለችኝ።

በ2 ቀን ሰፍቼ ጨረስኩ። ስንሰቅልም ዘንጉን መስኮቱ አናት ላይ ሳይሆን ከኮርኒሱ 10 ሳንቲም ብቻ ዝቅ አድርገን አሠርን። ይህን የቤታችሁ ጣሪያ አጭር ለሆነባችሁ ሁሉ እመክራለሁ። ዓይን መጋረጃውን ተከትሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ ክፍሉ ከፍ ያለ ይመስላል። በጎንም ዘንጉ ከመስኮቱ 20 ሳንቲም ያህል ወጣ ካለ መስኮቱ ሰፊ ይመስላል፤ ሲከፈትም ብርሃኑን አይጋርድም። ስንጨርስ ልጅቷ አቀፈችኝ። ቤቱ በእውነት ፎቶውን መስሎ ነበር።

በሳምንቱ መጋረጃውን በፌስታል ጠቅልላ ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል።

አማቷ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። ገና በሩ ላይ ቆመው አዩት። አልተቆጡም፣ ድምፃቸውንም አላነሱም። «ልጄ፣ ይሄ እኮ መገነዣ ነው። ሳሎን ላይ ሰቅላችሁት እንዴት እንቅልፍ ይወስዳችኋል?» አሉ። ያን ሌሊት ሶፋው ላይ ሲተኙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አደሩ።

ልጅቷ በማግስቱ መጋረጃውን አወረደችው። ከነጣ የአቡጀዴ መልኩ ይጠፋል ብላ በሙቅ ውሃና በበረኪና ዘፈዘፈችው። ሲደርቅ መልሳ ሰቀለችው። ወለል ይነካ የነበረው መጋረጃ ከአንድ ጋት በላይ ወደ ላይ ሸሽቶ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ለካሁት። 2 ሜትር ከ26። 14 ሳንቲም ገብቷል።

ሁለት ጥፋት ነው። ሁለቱም የኔ ናቸው። የጨርቁ መግባት ያው የሙያ ነገር ነው። ጥጥ ሲሸመን ድሩ ተወጥሮ ነው፤ እንዳይበጠስም ሙጫ መሰል ነገር ይቀባል። ውሃ ሲነካው ሙጫው ይለቅቃል፣ የተወጠረው ክር ወደ ቦታው ይመለሳል። ከወርዱ ይልቅ በቁመቱ ብዙ የሚገባውም ለዚህ ነው። ልብስ ስፌት ስማር ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነበር። ቸኩዬ ሳላጥብ ቆረጥኩት።

የከነከነኝ ግን ሌላው ነው። አያቴ አልጋዋ ሥር የእንጨት ሳጥን ነበራት። ሳጥኑ ውስጥ ከታች በነጠላ የተጠቀለለ አቡጀዴ ነበር። ልጅ ሆኜ ልነካው ስል «ተዪው፣ እሱ የኔ ነው» ትለኝ ነበር። የመጨረሻ ልብሷን በጊዜ ገዝታ ማስቀመጧ ነበር። ያረፈች ቀን ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ይህን እያወቅኩ እንዴት ለሙሽራ ቤት አቡጀዴ እንደመከርኩ አላውቅም። መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ጨርቁን በሜትርና በዋጋ ብቻ ነው ያየሁት። እኚያ እናት ትክክል ነበሩ። አሮጌ አስተሳሰብ ነው ብሎ የሚያልፋቸው ሰው ካለ አልስማማም። ሰው ቤቱ ውስጥ ልቡ ሊያርፍለት ይገባል። እንግዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚያድርበት ቤት የቱንም ያህል ቢያምር አምሯል አይባልም።

የስፌት ቤቱን ባለቤት እትዬ እንላታለን። 30 ዓመት ሰፍታለች። ሁሉንም ነገርኳት። ጨርቁን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና «ሳታጥቢ ቆርጠሻል፤ ማስተካከያውን ከራስሽ ትችያለሽ። ልጅቷን አንድ ብር እንዳትጠይቂ» አለችኝ። ቅር አላለኝም። ቀጥላ «ቀለም አግቢለት። ነጭ ሆኖ ነው ሰው የሚደነግጠው» አለች።

በሻይ ቅጠል ልንነክረው ወሰንን። ሻይ ጥጥን ደህና አድርጎ ይይዛል፤ የሚሰጠው ቀለምም አሁን ሁሉም የሚፈልገው ፈዘዝ ያለ የአፈር መልክ ነው። መጀመሪያ በረኪናው እስኪለቅ ደጋግሜ አለቀለቅኩት፤ በረኪና ከቀረበት የሻዩን ቀለም መልሶ ይበላዋል። ሻይ ቅጠሉን አፍልቼ በደንብ አጠለልኩ። ቅጠሉ ጨርቁ ላይ ካረፈ ነጥብ ይጥላል። መጋረጃውን እንደራሰ ትልቅ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ከተትኩና ለአንድ ሰዓት ያህል በእንጨት ሳገላብጥ ቆየሁ። ደረቅ ጨርቅ ከተከተተ ወይም ማገላበጥ ከተተወ ዝንጉርጉር ይሆናል። ቀለሙ እርጥብ ሳለ ደመቅ ብሎ ይታያል፤ ሲደርቅ ይፈዛል። ስለዚህ ከምፈልገው ትንሽ ጠቆር ሲል ነው ያወጣሁት።

ለማራዘሚያ 2 ሜትር ተኩል አዲስ አቡጀዴ ገዛሁ። እሱን መጀመሪያ አጠብኩት። ድስቱ ስለተያዘ ቁራጩን ጓሮ የነበረ የዛገ ቆርቆሮ ባልዲ ውስጥ ሻይ ጨምሬ ዘፈዘፍኩት። ስመለስ ጨርቁ ቡና ዓይነት ሳይሆን የዝናብ ደመና የመሰለ ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኗል። ደንግጬ እትዬን ጠራኋት። «ዝገቱ ነው፤ ብረትና ሻይ ሲገናኙ ይጠቁራል» አለችና ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ ከነከርነው መጋረጃ ጎን አስቀመጠችው። ሁለታችንም ዝም አልን። ሁለቱ ቀለሞች አብረው የተወለዱ ይመስሉ ነበር። ብረት ጥጥን እያደር ስለሚያሳሳ ግራጫውን በብዙ ውሃ አለቀለቅነው።

የቀረው አቀጣጠሉ ነበር። የጎደለው 14 ሳንቲም ስለሆነ 14 ሳንቲም ብቻ ብቀጥልበት ያጠረ መጋረጃ እንደተቀጠለ ከሩቅ ያስታውቃል። ጠባብ ቅጥያ ሁልጊዜ ጥገና ይመስላል። ሰፊ ከሆነ ግን ታስቦ የተሠራ ይሆናል። ስለዚህ ከመጋረጃው ግርጌ 40 ሳንቲም ቆረጥኩ። በምትኩ 54 ሳንቲም ግራጫ ቀጠልኩ። ከቁመቱ ሩብ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሲሰቀል ልክ 2 ሜትር ከ40። በወርዱ የገባው ሽንሽኑ ውስጥ ስለጠፋ ማንም አያየውም። የተቆረጠው 40 ሳንቲምም አልተጣለም። 4 ትናንሽ የሶፋ ትራሶች ወጡት።

ለሦስቱ ትራስ ጌጥ የሌለው ጨርቅ በቃ። ለአራተኛው ግን ልጅቷ ከእናቷ ያረጀ ነጠላ ላይ ጥለት አመጣች። ሸማው ሳስቶ ተቀዶ ነበር፤ ጥለቱ ግን ጠንካራ ነው፣ አልተነካም። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ነጠላ ሲያረጅ ጥለቱን አትጣሉት። ሸሚዝ ኪስ ላይ፣ ጂንስ ጃኬት ጀርባ ላይ፣ የትራስ ጠርዝ ላይ ሲገባ አሁን ከሱቅ በውድ ከሚገዛው ያምራል።

ልብስም ቢሆን ከመጋረጃው አይለይም። ሰሞኑን ሰፋ ያለ የጥጥ ሱሪና ልቅ ሸሚዝ የማትፈልግ ወጣት የለችም። ፎቶ ይዘው ይመጣሉ፣ ርካሽ ጨርቅ ይጠይቃሉ። ርካሽ ጨርቅ ነውር የለበትም። ግን አሁን ማንም ሰው ጨርቅ ሲያመጣልኝ ከጫፉ 50 ሳንቲም በ50 ሳንቲም እቆርጣለሁ። በሙቅ ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በካውያ ተኩሼ እለካዋለሁ። 47 ከሆነ 6 ከመቶ ገብቷል ማለት ነው። 2 ሜትር ከ60 የሚያስፈልገው ሰው 2 ሜትር ከ77 ይግዛ እላለሁ። ጨርቁንም ሙሉውን አጥቤ ነው የምቆርጠው። አንድ ቀን ያዘገያል። ደንበኛ «ለነገ» ሲለኝ «አይሆንም» ማለት ተምሬያለሁ። መጋረጃ ከሆነ ደግሞ ከዋጋው በፊት «ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትኖሩት? ማን ይመጣባችኋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይገርመዋል፤ አብዛኛው ግን ጨዋታው ደስ ይለዋል።

መጋረጃውን ዳግም የሰቀልን ቀን አማትየው የሉም ነበር። ልጅቷ ፎቶ አንስታ እንደላከችላቸው ነገረችኝ። መልሳቸውን አልሰማሁም፤ መጠየቅም ፈራሁ።

ለፋሲካ ሰሞን አንዲት እናት ነጠላ ተከናንበው ወደ ሱቃችን ገቡ። ልጅቷ ከኋላቸው ፈገግ ብላ ቆማለች። አማትየው ናቸው። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ያረጀ የሀገር ልብስ ቀሚስ ዘረጉ። ሰፊ ቀይ ጥለት አለው።

«ለኔ ቤት ነው» አሉኝ። «እንደነሱ ዓይነት መጋረጃ፣ ግርጌው ላይ ይሄ ይግባበት።»

ነጭ ጨርቅ በውሃ አራስኩና ጥለቱን ጠረግ አደረግኩት። ጨርቁ ቀይ ይዞ ተነሳ። አሳየኋቸው።

«እማማ፣ ይሄ ቀለሙን ይለቃል። ሲታጠብ መጋረጃውን ያበላሽብዎታል። መጀመሪያ እስኪጨርስ ደጋግሜ ልጠበው፤ 4 ቀን ይስጡኝ።»

«ፋሲካ ሳይደርስ?»

«ሳይደርስ።»

«እጠቢው እንግዲህ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።