ጆሃንስበርግ፦ ከማገዶ ጋር የምትጓዘው ጥንዚዛ

ጆሃንስበርግ የሄድኩት የአክስቴን ልጅ ለመጠየቅ ነው። እንደ ብዙ የአገራችን ልጆች ጄፒ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ሱቅ አለው። አንድ ቀን ሱቁን ለጓደኛው አደራ ብሎ ወደ ሰሜኑ ሰፈሮች ወሰደኝ። "ና፣ ዛፍ ላሳይህ" አለኝ።

እውነትም ዛፍ ነው! ግራና ቀኝ የቆሙት ከላይ ተቃቅፈው መንገዱን ዋሻ አስመስለውታል። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ እዚያ ሁሉ ነገር የሚለመልምበት ጊዜ። ትንሽ እንደሄድን ግን አናቱ የደረቀ ዛፍ አየሁ። ቀጥሎ ጉቶ። ከዚያ ሌላ ጉቶ።

ወርጄ አንዱን ግንድ ቀረብ ብዬ አየሁት። ቅርፊቱ ላይ የእስክሪብቶ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አለች፣ ዙሪያዋ ቡናማና እርጥብ። ከሥሯ ሌላ፣ ከጎኗ ሌላ። ልቆጥር ሞክሬ ተውኩት።

አጠገባችን ለማገዶ የሚሆን ቁርጥራጭ ግንድ ተከምሯል። ማታ ብራይ ተጠርተናል፤ ብራይ የእነሱ የሥጋ ጥብስ ግብዣ ነው። የአክስቴ ልጅ እንጨቱን መኪናው ላይ ሊጭን ሲል አንድ ሽማግሌ ከግቢያቸው ብቅ አሉ።

"እባካችሁ ልጆቼ፣ ከዚህ እንዳይወጣ!"

ነገሩን ያስረዱን እሳቸው ናቸው። ቀዳዳዎቹን የምትቆፍረው ጥንዚዛ 2 ሚሊሜትር ገደማ ናት፣ መነሻዋ ደቡብ ምሥራቅ እስያ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጉዳቷ የታወቀው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፒተርማሪትዝበርግ በሚገኘው የእፅዋት ማዕከል። በጣም የገረመኝ እንጨቱን አለመብላቷ ነው። ፈንገስ ይዛ ትገባና በቆፈረችው ቦይ ውስጥ ታበቅለዋለች፤ እሷም ልጆቿም የሚመገቡት እሱን ነው። ፈንገሱ ደግሞ የዛፉን የውሃ መተላለፊያ ይዘጋል። ሴቶቹ እዚያው ግንድ ውስጥ ከወንድሞቻቸው ጋር ተራክበው ነው የሚወጡት። ስለዚህ አንዷ ብቻ ካመለጠች ለሌላ ዛፍ ትበቃለች። በክንፏ ሩቅ አትሄድም፤ ሩቅ የምናደርሳት እኛ ነን፣ በማገዶ።

አቮካዶም አይቀራትም። እስራኤል ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ. የተገኘችው አቮካዶ ላይ ነው። ይህን ስሰማ እናቴ ጓሮ ያለው አቮካዶ ትዝ አለኝና ሆዴ ባባ።

የተቆረጠው የሽማግሌው የራሳቸው ዛፍ ነው። ፀሐይ ውስጡ ያለውን እንዲገድለው እንጨቱን በላስቲክ ሊሸፍኑት ነበር የወጡት። በኋላ ለብራዩ ከሰል እንገዛለን ተባባልንና ላስቲኩን ወጥረን ያዝንላቸው። እሳቸው ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት።